የሐሊማ ተራ

ባለፈው ጥቅምት ለልቅሶ ጎባ ሄጄ ነበር። ወደ ገሰራ አግብቼ ከሄድኩ ወዲህ ጎባን የማየው ሰው ሲሞት ወይም ሲዳር ነው። ከልቅሶው ቤት ወጥተን በቅሎዬ ወደታሰረችበት ስናዘግም ከአንድ አጥር ጀርባ የሚታመስ ገብስ ሸተተኝ። የቆሎ ሽታ አይደለም። በውኃ ርሶ፣ ተሸክሽኮ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ምጣድ ላይ የወጣ ገብስ ነው፤ መጀመሪያ እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ቀጥሎ ትኩስ ዳቦ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ዛሬ ስም ያላገኘሁለት ነገር። ቆም አልኩ።

«እቴቴ፣ ምነው? ደከመዎት?» አለችኝ አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ።

«ዝም በይ፣ ልስማበት። አሁን ሊወርድ ነው።»

«ምኑ?»

ገብሱ መንጣጣቱን ሲያቆም እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ልጅቷ ልቅሶው የነካኝ መስሏት ክንዴን አጥብቃ ያዘች።

ገብስ በጆሮ እንደሚበስል የተማርኩት እዚያው ጎባ፣ አዴ ሻምሲ ከሚባሉ ሴት ነው። ትምህርቱ በነጻ ነበር። ያን ጊዜ እንቅልፍ የነሣኝም ገብሱ ሳይሆን በነጻ መሆኑ ነው።

ጦሩ ባሌን ይዞ ጎባ ላይ ከሰፈረ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። ከተማ እንለዋለን እንጂ በአጥር የተከበበ የጎጆ ክምር ነው፤ የሳነቴ ንፋስ ከላይ ሲወርድ የሁላችንንም ክዳን አንድ ላይ ያንኮሻኩሸዋል። አባቴ ባሻ ደምሴ ጠመንጃውን ይዞ ከምንጃር የመጣ ነፍጠኛ ነው። ለአገልግሎቱ ደመወዝ አልነበረውም፤ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ገባር ምንድን ነው ብትሉኝ ያኔ «እህል የሚያመጡልን ሰዎች ናቸው» ብዬ እመልስ ነበር። ለምን እንደሚያመጡልን ግን ጠይቄ አላውቅም። ለሁሉም ነገር ለምን የምል ልጅ ነበርኩ፤ ይሄ ግን እንደ ዝናብ ሆኖብኝ አለፈኝ።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ጎባን አልወደደችውም። ለእሷ እህል ማለት ጤፍ ነው፤ ጤፍ ደግሞ የጎባን ብርድ አይችልም። አባቴ አንድ ዓመት ጓሯችን ዘርቶላት ገና ሳያፈራ ውርጭ መታው። ከዚያ ወዲህ ከቆላ በበቅሎ የሚመጣላትን ጥቂት ጤፍ ለእንግዳ እየደበቀች ገብስን አኮረፈችው። ገብሱማ ሞልቷል። የሚያበጃጁት ግን የገባሮቹ ሚስቶችና ሴት ልጆች ነበሩ፤ በተራ እየመጡ ይሸከሽካሉ፣ ያምሳሉ፣ ይፈጫሉ። እናቴ ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ የመጀመሪያ ቃሏ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ነው።

እኔ ተራ የማውቀው ከገበጣ ነው። በገበጣ ተራ የሚናፈቅ ነገር ነው፤ ያልደረሰው ይቀናል፣ የደረሰው ይቸኩላል። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች እኛ ቤት የሚመጡበትን ቀን በጉጉት የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉም ተራ የሚበዛላት ሐሊማ ናት። በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። የእናቷ ትከሻ ታሞ መጅ መግፋት ስለማይችል የራሷንም የእናቷንም ተራ የምትመጣው እሷ ናት። «ይቺ ልጅ ምንኛ ታድላለች!» እል ነበር በልቤ።

አንድ ቀን፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ከመምሬ ተክሌ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ስመለስ የሐሊማን እናት ማድ ቤታችን በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ተራቸው አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው፤ አንዱን ትከሻ ዝቅ አድርገው ነው የሚቆሙት። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማቸዋለች። የደረስኩት ንግግሩ ሲያልቅ ነው።

«እስከ ገና» አለች እናቴ።

«እስከ ገና» አሉ ሴትዮዋም፣ ቃሉን እንደሚቆልፉት አድርገው።

ሴትዮዋ እንደሄዱ እናቴ ጠራችኝ። «የሺ፣ ከነገ ጀምሮ ከፊደል መልስ ከሻምሲ የገብስ ሥራ ትማሪያለሽ። ጭኮውን፣ በሶውን፣ ቅንጬውን፣ ሁሉንም።»

«ምን ልንከፍላት ነው?»

«ምንም።»

«ለምን?»

«ጥያቄሽን ተይና ልብስሽን ቀይሪ» አለች።

ይሄ ነገር አልገባኝም። ለመምሬ ተክሌ እንኳ እህል ይሰፈርላቸዋል፤ በየሳምንቱም እንጨት እንለቅምላቸዋለን። ይቺ ሴት በምን ሒሳብ በነጻ ታስተምረናለች? ጎረቤታችን ወሬውን ሰምታ ልጇን ታየችን ላከች። የታየችን ታላቅ ወንድም ተፈራንም ጨመረችው፤ ነገ ዘመቻ ሲወጣ ስንቁን ራሱ ማሰናዳት ይልመድ ብላ። ጨውም ላከች። አዴ ሻምሲ ጨውን አዩት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ፣ መለሱት።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችን ከፊደል ስንመለስ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

«ክርስትና መነሣት ፈልጋ ነው» አለች ታየች።

«አይደለም» አለ ተፈራ፣ «ፊደላችንን ልትወስድብን ነው። ገብሱ በገባ ቁጥር ፊደሉ ይወጣል።» ይሄን ስላለ ፈራ። ከትምህርቱ በፊትና በኋላ ሀሁን እስከ ፐ ድረስ እየቆጠረ ይፈትሽ ጀመር። አንድም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም በዚያ ሰበብ ከሁላችን በፊት ፊደል ጨረሰ።

እኔ ደግሞ የምታስተምረን ስለምትወደኝ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል አልታየኝም።

የመጀመሪያው ቀን ምንም አላበሰልንም። አዴ ሻምሲ ጥሬ ገብስ መዳፋችን ላይ እያስቀመጡ «ብሉ» አሉን። የታመመ ገብስ፣ የከረመ ገብስ፣ ውርጭ የነካው ገብስ፣ ደህናው ገብስ። ጥርሳችን እስኪደክም አኘክን። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ሲያልቅባቸው ኦሮምኛውን ይቀጥላሉ፤ እኛም ሳናውቀው ተከተልናቸው። «ሱታ» ሲሉ ቀስ በሉ፣ «ኮቱ» ሲሉ ነይ ማለታቸው ነው። ሰፌዱን በጥድፊያ ካነሣን «ሱታ፣ ሱታ» ይሉና እጃችንን ይዘው አብረው ያበጥሩታል፤ ገለባው እኛ ፊት ላይ ሲበን ፍሬው ሰፌዱ ላይ ይቀራል።

ማመስ የጀመርን ዕለት ጭሱ ዓይናችንን አስለቀሰው። ምጣዱ ላይ ተደፍቼ የገብሱን መልክ ለማየት ስጣጣር በጣታቸው አገጬን ወደ ጎን አዞሩት።

«በዓይን አይደለም። ጆሮ ስጪ።»

ገብሱ ይንጣጣል። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ አለው፤ እርጥቡ ነው። ቀጥሎ ይቀጥንና ይበዛል፤ የበጋ ቅጠል ላይ የሚሮጥ እንሽላሊት ይመስላል። ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። «አሁን!» ይላሉ፤ ምጣዱ ይወርዳል። ያ «አሁን» ትንሽ ከዘገየ ሁሉም ነገር ሌላ ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ቀን ልክ ገብሱ ሲቀጥን «ድምፁ የማን ነው? የገብሱ ወይስ የምጣዱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዴ ሻምሲ መልሱን ማሰብ ጀመሩ። እውነትም የማን እንደሆነ አስበውት አያውቁም ነበር መሰለኝ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ ምጣዱ ተጠጉ። ሁለታችንም ስናዳምጥ ገብሱ ዝም ብሎ ነበር ለካ። ጠቁሮ ጨሰ። ታየች ጮኸች። እሳቸው የከሰለውን ገብስ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በጣም ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። የተቃጠለውን ግን አልጣሉትም፤ ለኔ ሰጡኝ፤ እየመረረኝ በላሁት።

ሌላው ያሳሰበኝ «ቢስሚላ» ነው። ዱቄት ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ፣ ቅቤውን ሲያፈሱ፣ ምጣዱን ሲጥዱ «ቢስሚላሂ» ይላሉ፤ ሲሉም ጣቶቻቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው። ማታ እናቴ «ጭኮው ውስጥ ምን ምን ይገባል?» ብላ ስትፈትነኝ፣ «የታመሰ የገብስ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ጨው፣ ኮሰረትና ቢስሚላ» አልኳት።

«ቢስሚላ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቆንጠር ተደርጎ ነው የሚገባው። አይታይም።»

እናቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቢስሚላ የፈጣሪ ስም የሚጠራበት መሆኑን የነገረችኝ ሐሊማ ናት። በማግስቱ ተጨንቄ አዴ ሻምሲን ጠየቅኋቸው፤ «እኔ በስመ አብ ብልበት ጭኮው ይበላሻል?»

ረጅም ጊዜ አሰቡበት። «አይበላሽም» አሉ። «ግን መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»

እስከዚያ ድረስ የምጠራቸው እናቴ እንደምትጠራቸው «ሻምሲ» እያልኩ፣ «አንቺ» እያልኩ ነበር። አንድ ቀን ሐሊማ ከወፍጮው ቀና ብላ «ለመምሬያችሁ አንተ ትያቸዋለሽ?» አለችኝ። «እንዴት ይሆናል!» አልኩ። «እሷስ አታስተምርሽም? አዴ በያት፤ እናቴ ማለት ነው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ አዴ አልኳቸው፣ እርስዎ አልኳቸው። እናቴ ስትሰማ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

ኅዳር ገብቶ የገና ጾም ተጀመረ። ቅቤ መብላት ቀረ። ጭኮ እያሸን ጣታችንን መላስ የማንችልበት ጊዜ ደረሰ። ተፈራ «ሳይቀመስ እንዴት ይታወቃል?» ብሎ አማረረ። አዴ ሻምሲ ጭኮውን ቆርሰው መዳፉ ላይ አደረጉለት። «ጨብጥ» አሉት። ጨበጠ። «ፍታ።» የጣቶቹ ምልክት ጭኮው ላይ አንድ በአንድ ቀርቷል፤ አልፈረሰም፣ ቅቤም አላንጠባጠበም። «አፍህ ጾም ነው። እጅህ ይቅመስ» አሉት።

በዚያ ሰሞን አንድ ብርዳማ ከሰዓት ማድ ቤት ስገባ ሐሊማ ብቻዋን ትፈጫለች። ጎንበስ ብላ መጁን ወደፊት ስትገፋው ትንፋሿ አብሮ ይወጣል። ደስ እንዲላት ብዬ «ታድለሽ፣ ዛሬም ተራሽ ነው» አልኳት።

መጁ ቆመ። ሐሊማ እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን መረመረችው። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«ነይ፤ ተራዬን ልስጥሽ።»

ደስ ብሎኝ ተቀበልኳት። መጁ ከጠበቅሁት በላይ ከባድና ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት እንደገፋሁ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ መዳፌ ጋለ። የወጣው ዱቄት ለአንድ ሰው ገንፎ አይበቃም።

«ይብቃኝ» አልኩ።

«ገና ነው። እኔ ስጀምር ፀሐይዋ አልወጣችም ነበር።»

ገፋሁ። መዳፌ ሲላጥ መጁን ለቅቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሐሊማ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ገልብጣ አየችው፤ ትንሽ ቅቤ ቀባችኝ።

«አልመጣም ብትዪስ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«አባቴ ይታሰራል።»

«ማን ያስረዋል?»

ወደ ትልቁ ቤት ብቻ ተመለከተች። እዚያ አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ይስቃል፤ ሳቁ እስከ ማድ ቤቱ ይሰማል። ያን ሳቅ እወደው ነበር። ያን ቀንም ሰማሁት፤ ግን ከማን ጎን ሆኜ እንደምሰማው ግራ ገባኝ።

ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። ሪራ፣ ከሳነቴ ማዶ ጫካው ውስጥ፣ ከብት የሚያረባና ቀፎ የሚሰቅል እጮኛ አላት፤ ሽማግሌ ከተላከ ቆይቷል። ግን እሷ ብትሄድ የእናቷን ተራ የሚሸፍን የለም፤ ስለዚህ አትለቀቅም። እናቷ ይሄን ሲያብሰለስሉ ከርመው ወደ እናቴ መጡ። ልጆቻችሁን ላስተምር፤ እስከ ገና ሥራውን ከቻሉ ከዚያ ወዲያ ሐሊማን አትጥሩብኝ አሏት። እናቴም እሺ አለች።

«ታዲያ እኔን ስለሚወዱኝ አይደለም?» አልኩ።

«አንቺን?» አለች ሐሊማ። ልታሳቅቀኝ እንዳልፈለገች ያስታውቃል። «ገብስ ስታሳርሪ ትወድሻለች።»

አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ የሷ ነገር ይሁን የኔ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። በማግስቱ ግን ለታየችና ለተፈራ ነገርኳቸውና ትምህርቱ ተለወጠ። ተፈራ እናቱ ብታፍርበትም ዘነዘናውን ለራሱ ወሰደ፤ ገብሱን የሚሸከሽከው እሱ ሆነ። ታየች ቅቤ አነጣጠሩን እንደ ዳዊት ደገመችው። እኔም ጥያቄዬን ገብሱ ከወረደ በኋላ ብቻ መጠየቅ ለመድኩ።

ገና ሲቃረብ እናቴ ተለወጠች። የሸከሸክነውን አይታ «ገለባ አለው» ትላለች፤ የፈጨነውን ዳስሳ «ይሻክራል» ትላለች። እውነት ለመናገር ሐሊማን ማጣት አልፈለገችም፤ የሐሊማ እጅ ለዚያ ወፍጮ ተፈጥሮ የመጣ ይመስላት ነበር። በመጨረሻም አዋጅ አወጣች። ለገና የአባቴ አለቃ፣ ሻለቃው፣ እኛ ቤት ይጋበዛል፤ ምግቡን ሁሉ እኛ እንድናሰናዳ፣ ሻምሲም ሐሊማም እንዳይደርሱበት።

የገና ዋዜማ ማድ ቤቱ የኛ ነበር። አዴ ሻምሲ ከአጥሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ያየሁት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ነው። ወደ እኛ አይመለከቱም፤ ጆሯቸው ግን ወደ ምጣዱ ነበር። ገብሱ ቀጥኖ ሊያቆም ሲል ጆሮዬን ሰጠሁ። ዝም አለ። «አሁን!» አልኩ ራሴ። ምጣዱን ስናወርድ ቀና ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ አዴ ሻምሲ ተነሥተው ልብሳቸውን እያራገፉ ሄዱ።

በገና ዕለት ሻለቃው ከእንጨት ቆሪው ጭኮ ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄን ያሸ እጅ ይባረክ። የማን ነው ባሻ?»

«የገባሮቼ ሴቶች ናቸዋ» አለ አባቴ።

«የኛ ነው!» አልኩ በር ላይ ቆሜ። ልጅ በታላላቆች ወሬ አይገባም፤ አባቴ በዓይኑ ገሠጸኝ። እናቴ ግን «እውነቷን ነው፤ ሻምሲ አስተምራቸው የነሱ ነው» አለች። ይሄን ስትል ፊቷ ላይ ኩራትና ቅሬታ አብረው ነበሩ።

ሻለቃው ተደነቀ። «እንግዲያ አስተማሪዋን ለኔም ቤት ላክልኝ።»

«እናትየዋንም ልጅቷንም እልክልሃለሁ» አለ አባቴ ደስ ብሎት።

ታየች ከጀርባዬ ነጠላዬን ጎተተችኝ። ሁሉም ነገር የፈረሰ መሰለን።

እናቴ የያዘችውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠች። «ልጅቷ የለችም ባሻ። ልትዳር ነው።»

«ማን ፈቀደላት?»

«እኔ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

አባቴ ቀላ። «የኔን ገባር አንቺ ትለቂያለሽ?»

«ወፍጮው የኔ ነው» አለች እናቴ። «በጠመንጃዎ ገብቼብዎት አላውቅም። ሻምሲም ትከሻዋ አይረባም፤ ሻለቃም ልጆቻቸውን ማስተማር ከፈለጉ ወደዚህ ይስደዱልኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው ሻለቃው ነው። «ይቺ ሴት አንተን ታዝዛለች ብዬ ነበር የማስበው» አለና አባቴን ትከሻውን መታው። አለቃው ከሳቀ አባቴ ምን ያድርግ፤ እሱም ሳቀ፣ ሳቁ ግን እንደ ሌላው ቀን አልሞላም።

ሐሊማ ከጥምቀት በፊት ሪራ ተዳረች። የሌሎቹ ሴቶች ተራ ግን አልቀረም፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ የማን ተራ እንደሆነ መጠየቋን አልተወችም። የሐሊማ ቀን ሲሆን ብቻ እኔና እሷ ወፍጮው ላይ እየተቀያየርን እንቆም ነበር። የመጀመሪያ ቀን እናቴ ጥቂት ገፍታ ቀና አለች፤ ወገቧን ይዛ ወፍጮውን እንደማታውቀው ሰው አየችው። መልሳ ጎነበሰች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አዴ ሻምሲ መጡ። ተራ የላቸውም፤ ትምህርቱም አልቋል። የሪራ ማር ይዘውልኝ ነበር፤ ከነሰፈፉ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ። ማሩን እየላስኩ ሻለቃው ሴት ልጆቹን ለትምህርት ሊልክ እንደሆነ፣ እሳቸውን እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

አዴ ሻምሲ የታመመ ትከሻቸውን በሌላው እጃቸው እያሹ ወደ ሻለቃው ግቢ አቅጣጫ ተመለከቱ።

«እዚያ ቤት» አሉኝ፣ «የምትፈጨው የማን ልጅ ናት?»

አላውቅም ነበር። ሻለቃው ግቢ ስንት ጊዜ ገብቼ ተጫውቻለሁ፤ የወፍጮውንም ድምፅ ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነች ግን ለማየት አንድ ቀን ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብዬ አላውቅም። ማሩን አስቀምጬ ሮጥኩ። የሻለቃውን አጥር ዞሬ በኋላ በር ገባሁ፣ ጎንብሳ የምትፈጨዋን ልጅ ስሟንና የወላጆቿን ነገር ጠየቅኋት፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«ጀሚላ ትባላለች» አልኳቸው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አባቷ ታስሮ ያውቃል። እናቷ ሞታለች።»

አዴ ሻምሲ ስሙን ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ኮቱ» አሉኝ፤ «የሻለቃውን ሚስት አሳዪኝ።»